አሮው ባይሰረዝ ኖሮ ምን ይመስል ነበር? ለአንድ ጀማሪ ሞዴል ሠሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቶሮንቶ ነው የምኖረው፤ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ሆቢክራፍት የተባለው የሞዴል ኩባንያ ያወጣውን የአቭሮ አሮው (የካናዳ የጦር ጄት) ተገጣጣሚ ኪት በ1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ ልክ፣ ገዝቻለሁ። አውሮፕላኑ በ1959 ባይሰረዝና እስከ 80ዎቹ ቢያገለግል ኖሮ የሚመስለውን መሥራት እፈልጋለሁ። ግራጫ ልቀባው፣ ክንፉ ሥር ቦምብና ሚሳይል ልደረድርበት አስቤ በወረቀት ላይ ንድፉን አወጣሁ። ጓደኞቼ ግን መጫወቻ መሰለ አሉኝ። ምን ላስተካክል? ደግሞስ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ምልክት ባደርግበት ይሄዳል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ መጫወቻ መሰለ ያሉህ በቀለሙ ምክንያት አይመስለኝም። አውሮፕላንህ ዓመት የለውም። ከ60ዎቹም፣ ከ80ዎቹም፣ ከሌላ አገርም ደስ ያለህን ወስደህ አንድ ላይ አድርገኸዋል። አንድ የጦር አውሮፕላን ግን ሁልጊዜ የአንድ ቀን ፎቶ ነው። በዚያ ቀን የሚታጠቀው መሣሪያ የታወቀ ነው። የሚጻፍበት ቁጥር የታወቀ ነው። ባንዲራውም እንደዚያው።

«ቢሆን ኖሮ» ብሎ ሞዴል የሚሠራ ሰው፣ በኔ እምነት፣ አንድ ነገር ብቻ ነው መቀየር ያለበት። ያቺን አንድ ነገር ከቀየረ በኋላ ሌላው ታሪክ እንደነበረ ይቀጥል። ተመልካቹ «ይሄ እውነት ነበር እንዴ?» ብሎ የሚጠጋው ያኔ ነው። ሦስት አራት ነገር በአንዴ ከቀየርክ ግን የሚይዘው ያጣል።

ያንተ አንድ ነገር ግልጽ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገርህ። አሮው ማልተን ካለው ፋብሪካ፣ ማለትም አሁን ፒርሰን ኤርፖርት ካለበት ሰፈር፣ ለሕዝብ የታየው ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ነው። በዚያው ቀን ሶቪየቶች ስፑትኒክን አመጠቁና የዓለም ወሬ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ማርች 25 ቀን 1958 ፖላንዳዊው አብራሪ ያን ዙራኮውስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ አበረረው። ዓመት አልሞላም፤ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1959 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ዲፈንቤከር ፕሮጀክቱ መሰረዙን ለፓርላማው ተናገሩ። በአቭሮና ሞተሩን በሚሠራው በኦሬንዳ ከ14 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ቀኑ ዓርብ ስለነበር እስከ ዛሬ «ጥቁሩ ዓርብ» ይሉታል። የበረሩት አምስት አውሮፕላኖች ተቆራርጠው ለብረታ ብረት ተሸጡ። ስድስተኛው፣ ኢሮኮይ የተባለውን የካናዳ ሞተር ይዞ ሊበር የተቃረበው ቁጥር 206፣ እሱም አልተረፈም። አፍንጫውና የአብራሪው ክፍል ብቻ ዛሬ ኦታዋ በሚገኘው የአቪዬሽንና የጠፈር ሙዚየም አለ። ከቶሮንቶ ኦታዋ ሩቅ አይደለም። ኪቱን ከመጀመርህ በፊት ሄደህ እየው። ቆርቆሮው የተቆረጠበትን ጠርዝ ሳታይ ይህን አውሮፕላን ባትጀምረው እመርጣለሁ።

እንግዲህ የምትቀይረው ያንን ዓርብ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ከየት ታመጣዋለህ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ከራሱ መፍጠር የሚጀምረው። መፍጠር አያስፈልግህም። ካናዳ አሮውን ከተወች በኋላ በ1961 ከአሜሪካ 66 ቩዱ ጄቶች ወሰደች። ቩዱ እስከ 1984 ድረስ አሮው ሊሠራ የነበረውን ሥራ ሠራ። ሥራው በሰሜን ዋልታ በኩል የሚመጡ የሶቪየት ቦምብ ጣዮችን ወጥቶ መጥለፍ ነው። ስለዚህ በቩዱ ላይ የደረሰ ነገር ሁሉ በአሮው ላይም በደረሰ ነበር። የምታጠናው ፎቶ የቩዱን ነው። ቀለሙን፣ የጽሑፉን ቦታ፣ የስኳድሮኑን ምልክት፣ መሬት ላይ ቆሞ አጠገቡ ያሉትን መሣሪያዎች ሳይቀር እይ። እዚያው ኦታዋ ሙዚየም ውስጥ ቩዱም አለ፤ በአንድ ጉዞ ሁለቱን ታያለህ።

አሁን ዓመት እንምረጥ። «80ዎቹ» ብለሃል፤ እኔ 1972ን እመክርሃለሁ። ምክንያቱን ልንገርህ።

በ1965 ካናዳ ባንዲራዋን ቀየረች። ከዚያ በፊት በአውሮፕላኖቹ ላይ ይሳል የነበረው የሜፕል ቅጠል ተፈጥሯዊ መልክ ያለው፣ ጫፉ የበዛ ነው። ከዚያ በኋላ ባንዲራው ላይ እንዳለው 11 ጫፍ ያለው፣ ጠርዙ ቀጥ ቀጥ ያለ ቅጠል ሆነ። በ1968 ምድር ጦሩ፣ ባሕር ኃይሉና አየር ኃይሉ አንድ ሆነው ተዋሃዱ፤ የንጉሣዊ አየር ኃይሉ ስም ከአውሮፕላኖቹ ላይ ጠፋ። በቦታው የጦር ኃይሎቹ ስም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተተካ። በ1970 ደግሞ የአውሮፕላን ቁጥር አሰጣጡ ተቀየረ። መጀመሪያ የአውሮፕላኑ ዓይነት ቁጥር ይጻፋል፣ ቀጥሎ የራሱ መለያ። ሲኤፍ-104 የተባለው ሌላው የካናዳ ጄት ቁጥሮች በ104፣ የቩዱዎቹ በ101 መጀመር ጀመሩ።

አሮው ሲኤፍ-105 ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከ25201 እስከ 25205 የሚል ቁጥር ነበራቸው። እንግዲህ 25227 የሚባል አሮው ቢኖር ኖሮ፣ ከ1970 በኋላ ልክ እንደ 104ቱ የመጨረሻ ሦስት አኃዞቹን ይዞ 105227 ይሆን ነበር። ይህን ቁጥር ጭራው ላይ ስትጽፍ፣ የካናዳን አውሮፕላኖች የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የማያውቀውም ቢሆን አንዳች ልክ የሆነ ነገር እንዳለ ይሰማዋል። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ክንፍ ሥር ከምትደረድረው አሥር ሚሳይል በላይ ትሠራለች።

1972ን የመረጥኩት ይህ ሁሉ ለውጥ ስላለቀና ቀለሙ ገና ደማቅ ስለሆነ ነው። ቅጠሉ ቀይ ነው፣ ቅጠሉን የከበበው ክብ ሰማያዊ ነው። በ80ዎቹ ወደ ኤፍ-18 ዘመን ስትጠጋ ግን ነገሩ ሁሉ ግራጫ በግራጫ ይሆናል። ለትልቅ ዴልታ (ሦስት ማዕዘን) ክንፍ ደማቁ ዘመን ይሻላል። በእርግጥ 1983 ላይ ሙጭጭ ካልክ እሱም ይሠራል፤ የአገልግሎቱ ማብቂያ ስለሆነ አርጀት ያለ፣ ቀለሙ የደበዘዘ አውሮፕላን ታገኛለህ።

መሣሪያው ላይ ግን አልስማማም። ክንፉ ሥር ምንም አትስቀል። አሮው መሣሪያውን የሚይዘው ሆዱ ውስጥ ነው። ሆዱ ሥር ያለው ክፍል እንዳለ ወርዶ በሌላ የሚተካ ሳጥን ነበር። ዲዛይኑ በሙሉ ከላይ በፍጥነት ለመሄድ ነው የታሰበው፤ ውጭ የተንጠለጠለ ነገር ያንን ያበላሻል። ደግሞ የማረፊያ እግሩን አጣጠፍ ተመልከት። ክንፉ ቀጭን ስለሆነ ረጅሙ እግር ሲታጠፍ እያጠረና እየተጠማዘዘ ነው የሚገባው። በዚያ ምክንያት ጁን 1958 አንዱ እግር በትክክል ሳይዞር አውሮፕላኑ አርፎ ከመንደርደሪያው ወጥቷል። በዚያ እግርና በሩ አካባቢ ቦምብ የሚሰቀልበት ቦታ ፈልግ ብትባል ትቸገራለህ።

ሆዱ ውስጥስ ምን ይኑር? ታሪኩ መልሱን ሰጥቶሃል። መጀመሪያ አስትራ የተባለ የራዳርና የተኩስ መቆጣጠሪያ ከስፓሮው 2 ሚሳይል ጋር ታስቦ ነበር። ሁለቱም ውድ ሆነው ሴፕቴምበር 1958 ተሰረዙ፤ አውሮፕላኑ ራሱ ከመሰረዙ በፊት ማለት ነው። በምትካቸው የሂዩዝ ሥርዓትና የፋልኮን ሚሳይል ተመረጡ። ቩዱም የታጠቀው ፋልኮንና ጂኒ የተባለውን መሪ የሌለው የኑክሌር ሮኬት ነው። ካናዳ ጂኒን እስከ 1984 ይዛ ቆይታለች። ስለዚህ የ1972 አሮውህ ሆዱ ውስጥ ፋልኮን ይኖረዋል። ክፍሉን ዘግተህ ብትሠራው ደግሞ ምንም አይጎድልህም። እኔ ብሆን እዘጋዋለሁ። ያ ንጹህ ሆድ ነው የአውሮፕላኑ ውበት።

በ12 ዓመት አገልግሎት ውስጥ የሚጨመሩ ትናንሽ ነገሮችን ግን ጨምር። ከፊት መስታወቱ ፊት ለፊት ትንሽ ክብ የሙቀት መፈለጊያ ዓይን ታስቀምጣለህ፤ የካናዳ ቩዱዎች ነበራቸው። ጀርባው ላይ አንድ ሁለት ተጨማሪ አንቴና በቂ ነው። ለያንዳንዱ ጭማሪ «ይሄ ለምን መጣ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልስ ካጣህ አንሳው።

ወደ ገጣጠማው እንሂድ። አሮው በ1/72 እንኳን ትልቅ ነው። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 21 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክንፉ አግድም አይደለም፤ ወደ ጫፉ በ4 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ሙጫው ከመድረቁ በፊት ከፊት ለፊት ሆነህ ሁለቱም ጎን እኩል መውረዱን እይ። ይህ ካልተስተካከለ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ቀለም አያድነውም። ገላውን ከመዝጋትህ በፊት አፍንጫው ውስጥ፣ ጭራው ላይ እንዳይቀመጥ፣ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ አስገባና እግሮቹን በቴፕ ይዘህ ሚዛኑን ሞክር። መጋጠሚያውን በፑቲ ሞልተህ በውኃ አሸዋ ወረቀት ፈግፍግ፤ ከ400 ጀምረህ ወደ 1000 ከፍ በል። የአብራሪውን ክፍል መክደኛ ክፍት ልታደርገው ከፈለግክ፣ የአሮው መክደኛ እንደ ቁም ሣጥን በር መሐል ላይ ተከፍሎ ወደ ሁለት ጎን ነው የሚከፈተው። ያንን ሲያይ የማይጠይቅህ ሰው የለም።

ቀለሙ ግራጫ ይሁን ማለትህ ትክክል ነው። የመጀመሪያዎቹ አሮዎች ነጭ ነበሩ። በ1970ዎቹ ግን የካናዳ ቩዱዎች የሚያብረቀርቅ ቀላል ግራጫ ነበሩ። ልብ በል፤ የሚያብረቀርቅ ነው። ብዙ ልጆች የጦር አውሮፕላን ሁሉ ደብዛዛ መሆን ያለበት ይመስላቸዋል። በጣም ማቆሸሽም አይገባም። ጠላፊ አውሮፕላን ጭቃ ሜዳ ላይ አይውልም። በሞቀ ሀንጋር ውስጥ የሚጠረግና የሚወለወል አውሮፕላን ነው። እድፍ የሚኖረው ከሥሩ ነው፤ የሃይድሮሊክ ዘይት በሚወርድበት፣ የሞተሩ በር በሚከፈትበት፣ እግሩ በሚገባበት አካባቢ። ከኋላ የሞተሩ መውጫ ዙሪያ ያለው ብረት በሙቀት ተለብልቦ ቡናማና ሰማያዊ ይሆናል። ትዕግሥትህን እዚያ ላይ አውጣው።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ዲካሉ፤ ማለትም ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚለጠፈው ምልክትና ጽሑፍ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ፤ የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ።

105227 የሚል ዲካል ማንም አይሸጥልህም። ቤትህ ባለው ኢንክጄት ፕሪንተር ታትመዋለህ። ግን ፕሪንተሩ ነጭ ማተም አይችልም። ጥቁር ቁጥር ከሆነ ግልጽ ዲካል ወረቀት ይበቃል፤ ግራጫው ከሥር ቢታይ ምንም አይደለም። የሜፕል ቅጠሉ ክብ ግን መሐሉ ነጭ ነው። በግልጽ ወረቀት ካተምከው ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ ቀዩም ቆሻሻ ቀይ ይሆናል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በነጭ ዲካል ወረቀት አትመህ በአዲስ ምላጭ ክቡን ተከትለህ መቁረጥ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ መጀመሪያ ነጭ ክብ በቀለም ነፍተህ፣ ካተምከው ክብ በፀጉር ያህል አነስ አድርገህ፣ በላዩ ላይ ግልጹን ዲካል ማሳረፍ ነው። ጠርዙ አይወፍርም።

ካተምክ በኋላ ወረቀቱን ሌሊቱን አሳድረው። ቀለሙ የደረቀ ቢመስልም አልደረቀም። በማግስቱ ግልጽ ቫርኒሽ ከሩቅ ሆነህ በስሱ ንፋበት። ሲደርቅ ድገመው። መጀመሪያውኑ አብዝተህ ካረጠብከው ቀለሙ ይፈስና ቁጥሩ ጢም ያወጣል። ቫርኒሹን ከዘለልክ ደግሞ ውኃ ውስጥ በገባ ቅጽበት ቁጥሩ ሟሟ ማለት ነው።

ዲካሉ የሚያርፍበት ቦታ መስታወት የመሰለ መሆን አለበት። ደብዛዛ ቀለም በአጉሊ መነጽር ስታየው ሸካራ ነው። ፊልሙ በሸካራው ላይ ሲተኛ ከሥሩ አየር ይቀራል፤ ያ አየር ሲደርቅ እንደ ብር ያብረቀርቃል። ለዚህ ነው የቁጥሩ ዙሪያ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚታየው፤ «መጫወቻ መሰለ» የሚያሰኘውም አንዱ ይሄ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አብረቅራቂ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካል፣ በላዩ ማለስለሻ ፈሳሽ። ፈሳሹን ስትቀባው ዲካሉ ይጨማደዳል፤ አትደንግጥ፣ በጣትህም አትንካው። ተወው። ሲደርቅ ራሱ ይለጠጥና በቆርቆሮው መስመር ውስጥ ይገባል።

ከኪቱ ጋር የመጣው ዲካል ቢጫ ሆኖ ከሆነ አትጣለው። በላስቲክ ከረጢት አድርገህ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ለጥፈው። ከጥቂት ቀን በኋላ ነጣ ይላል። በኪቱ ዲካል ውስጥ የሚሠሩልህ ትናንሽ የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ይኖራሉ፤ እነሱን ቤት ውስጥ አትመህ አታመጣቸውም።

የትኛው ስኳድሮን? 409 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ኮሞክስ፣ 416 በቻታም፣ 425 በኬቤክ ባጎትቪል ነበሩ። ሦስቱም ቩዱ አብርረዋል። 425 የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ስኳድሮን ነው። እኔ ያንን እመርጥ ነበር፤ የሁለቱ ቋንቋ ጽሑፍ እዚያ ላይ ትርጉም ያገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስትሠራ ልታስበው የሚገባ ስለሆነ። አሮው በተሰረዘ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአቭሮ መሐንዲሶች ወደ 30 የሚሆኑ ናሳ ገቡ። ጂም ቻምበርሊን በጄሚኒ መንኮራኩር ላይ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ኦወን ሜይናርድ ጨረቃ ላይ ያረፈችውን መንኮራኩር ከነደፉት አንዱ ነው። ያንን ዓርብ ስትሰርዝ እነዚህን ሰዎች ማልተን ታስቀራቸዋለህ። ሞዴልህን ለሰው ስታሳይ ይህን ብትነግራቸው ወሬው ከፕላስቲክ አልፎ ይሄዳል።

የኢትዮጵያን ምልክት በተመለከተ፣ አሮው ላይ አታድርገው። ይህ አውሮፕላን ከዋልታ በኩል ለሚመጣ ቦምብ ጣይ፣ ለዚያ ሁሉ የራዳር ሰንሰለት፣ ለዚያ ሁሉ በጀት ነው የታሰበው። ደብረ ዘይት ላይ ያለው ምክንያት ምን ይሆናል? ምክንያት ካጣህ ምልክቱ ጌጥ ብቻ ይሆናል። ግን የኛን አየር ኃይል መሥራት ከፈለግክ ጥሩ «ቢሆን ኖሮ» አለ፤ እሱም አሮው አያስፈልገውም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይላችንን እንደገና ያቋቋሙት ስዊድኖች ናቸው። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እስከ 1956 ድረስ መርቶታል። ሳብ 17 ቦምብ ጣዮችና ሳፊር ማሠልጠኛዎች ከዚያው መጡ። ከዚያ ፊታችን ወደ አሜሪካ ዞረና በ1960 ኤፍ-86 ሳበር ገባ። አንዱን ነገር እዚህ ቀይረው። ከስዊድን ጋር ያለው ግንኙነት ቢቀጥልና በሳበር ፋንታ ሳብ ቱናን ቢገዛስ? ቱናን በ50ዎቹ በሥራ ላይ የነበረ ጥሩ ተዋጊ ነው፤ ኦስትሪያም በ1961 ገዝታዋለች። ደግሞ በዚያው በ1961 ኮንጎ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የኢትዮጵያ ሳበሮችና የስዊድን ቱናኖች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ስለዚህ ቦታው አለህ፣ ዓመቱ አለህ፣ ምክንያቱም አለህ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ምልክት ያለው ቱናን ከስዊድኑ ቱናን አጠገብ ኮንጎ ውስጥ ቆሞ ማየት እኔም እፈልጋለሁ። ሄለር በ1/72 ያወጣው የቱናን ኪት አለ፤ ከአሮውህ ጋር በልክ ይስማማል። ብቻ ቢጫውን በግልጽ ዲካል ወረቀት አታትመው። በብር ቀለም ላይ ሲያርፍ ጭቃ ይሆናል፤ ከሥሩ ነጩን ክብ ንፋበት።